ከዜሮ በታች 24 ላይ ያለ ግራሶ፦ የሮለሮቹ ሙከራ ማስታወሻ

ቀን 1

ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ያለው ማጓጓዣ ዛሬም ጠዋት አልነሳ አለ። ክፍሉ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ነው። ማጓጓዣው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ምንም አይለውም። ሁለት ቀን ቆሞ ሲነሳ ግን ሞተሩ ያጓራል፣ ሮለሮቹ ንቅንቅ አይሉም፣ ትንሽ ቆይቶ ኦቨርሎዱ፣ ሞተሩን ከልክ ካለፈ ጭነት የሚጠብቀው መቁረጫ፣ ይቆርጠዋል። ሦስት አራቴ ከተሞከረ በኋላ እያቃሰተ ይነሳል። አንዴ ከዞረ ደግሞ ሰላም ነው።

ሞተሩን ፈትሸነዋል፤ ጤነኛ ነው። ሰንሰለቱም ደህና ነው። ዛሬ አንዱን ሮለር እዚያው ክፍል ውስጥ እንዳለ በእጄ ለማዞር ሞከርኩ። በሁለት እጄ ይዤ፣ ትከሻዬን ተጠቅሜ ነው ያነቃነቅኩት። ከዚያ ፈትቼ ወደ ወርክሾፕ አመጣሁትና እስኪሞቅ ጠበቅኩ። ከሰዓት በአንድ ጣት ስነካው ሽር አለ። ያው ሮለር፣ ያው ኩሽኔታ። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ግራሶው ላይ ነው።

የግራሶው ቆርቆሮ ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፦ «ኤን ኤል ጂ አይ 2» እና «ከዜሮ በታች 30 እስከ 120 ዲግሪ»። ብዙ ሰው ግራሶ ሲመርጥ የሚያየው እነዚህን ሁለቱን ነው። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያው ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቁጥር የግራሶ ውፍረት ደረጃ ነው፤ ስለ ቅዝቃዜ ምንም አይናገርም። ግራሶው በ25 ዲግሪ ላይ 60 ጊዜ ከታሸ በኋላ የሾጣጣ ብረት ጫፍ በ5 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰምጥበት ይለካል። ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ 2 ይባላል። ከ40 እስከ 43 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ 00 ነው፤ ይኸኛው ከሞላ ጎደል ፈሳሽ ነው። ልኬቱ የሚካሄደው ግን ሁልጊዜ በ25 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ፣ «ከዜሮ በታች 30» የሚለው፣ በምን ዘዴ እንደተለካ አጠገቡ አልተጻፈም። ሳይፈስ? ሳይሰነጠቅ? ኩሽኔታው ሳይዝ? አይታወቅም።

እንግዲህ ራሴ እለካዋለሁ።

ቀን 2

ሦስት ግራሶ ሰበሰብኩ። ስማቸውን ትቼ ሀ፣ ለ፣ ሐ እላቸዋለሁ።

ሀ አሁን ሮለሮቹ ውስጥ ያለው ነው። የሊቲየም ሳሙና (ዘይቱን አስሮ የሚይዘው)፣ የማዕድን ዘይት፣ ቁጥር 2። የዘይቱ ዝልግልግነት በ40 ዲግሪ 220 ሴንቲስቶክስ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ዘይቱ ወፍራም ነው ማለት ነው።

ለ የሊቲየም ኮምፕሌክስ ነው። ዘይቱ ሰው ሠራሽ፣ ፒ ኤ ኦ የሚባለው ዓይነት፣ ዝልግልግነቱ 100። ይኸም ቁጥር 2 ነው።

ሐ የማርሽ ሳጥን ግራሶ ነው። ቁጥሩ 00። እቃውን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ማር ይወርዳል። ዘይቱ ግን ከባድ የማዕድን ዘይት ነው፤ ዝልግልግነቱ 460።

ሐን ያስገባሁት የሥራ ባልደረባዬ «ችግሩ መወፈሩ ከሆነ ለምን ቀጭኑን አናስገባበትም?» ስላለኝ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እጅ ላይ ሲነካ ሐ ከሁሉም ይለሰልሳል። ሀ እና ለ ግን ጣት ላይ አንድ ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ በሁለት ጣቴ አሻሸኋቸው፤ መለየት አልቻልኩም።

ዘዴውን ከየት እንዳመጣሁት ልግለጽ። «ዲን 51805» የሚባል መለኪያ አለ። የቀዘቀዘ ግራሶ በጠባብ አፍ ይገፋል፤ ግፊቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ግራሶው ወጥቶ የሚላቀቅበት ግፊት ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ ወሰን ተደርጎ የሚወሰደው 1400 ሚሊባር ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቀ ግራሶው ለዚያ ቅዝቃዜ አይሆንም ይባላል። እኔ ያ መሣሪያ የለኝም። ሲሪንጅ ግን አለኝ፣ ክብደትም አለኝ።

የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የውስጥ ዲያሜትር ለካሁ፤ 14.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ 1.65 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 1400 ሚሊባር ለማምጣት 2.4 ኪሎ ገደማ ላዩ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። የእኔ ሲሪንጅ አፍ ከመለኪያው አፍ ጋር ስለማይመሳሰል ቁጥሬን ከማንም ቁጥር ጋር አላወዳድርም። ሦስቱን እርስ በርስ ለማወዳደር ግን ይሆናል።

ቀን 3

የዛሬውን ውጤት ሁሉ ሰረዝኩት።

ሦስቱን ሲሪንጆች ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬ ነበር። ጠዋት 2.4 ኪሎ ጫንኩባቸው። አንዱም አልወጣም። ሀ ዜሮ፣ ለ ዜሮ፣ ሐ ዜሮ። ለ እንኳ ዜሮ መሆኑ አላሳመነኝም። የፒ ኤ ኦ ዘይት ከዜሮ በታች 22 ላይ እንዲህ ሊጠጥር አይገባውም።

ባዶ ሲሪንጅ አቀዝቅዤ ስሞክር ምክንያቱ ተገለጠ። ባዶውን፣ ምንም ግራሶ የሌለበትን ሲሪንጅ፣ ለመግፋት 1.9 ኪሎ ጠየቀ። ወርክሾፕ ውስጥ፣ በ22 ዲግሪ፣ ያው ሲሪንጅ በ600 ግራም ይሄዳል። የገፊው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ በቅዝቃዜ ደርቆ ግድግዳውን ነክሶ ይይዛል። እኔ ጠዋት ስለካ የነበረው ጎማውን ነው፣ ግራሶውን አይደለም።

ማንም ይህን ሙከራ ቢደግም በባዶው ይጀምር።

ቀን 5

የ20 ሚሊ ሊትር የመስታወት ሲሪንጅ አገኘሁ። ገፊውም መስታወት ነው፤ ጎማ የለውም። ባዶውን አቀዝቅዤ ስለካ 40 ግራም ብቻ ጠየቀ። ይህን መቀበል ይቻላል።

የውስጥ ዲያሜትሩ 19 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አሁን የሚያስፈልገኝ ክብደት 4 ኪሎ ነው። ከእንጨት ቋሚ ሠራሁለት፤ ሲሪንጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክብደቱ በሁለት ዘንግ መሐል ተመርቶ ይወርዳል። መስታወት ስለሆነ መነጽር አድርጌ ነው የምሠራው።

ትልቁ ነገር ግን ሁሉም ሥራ ፍሪዘሩ ውስጥ መካሄዱ ነው። ሲሪንጁን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ብለካ፣ ክብደቱን እስካስቀምጥ ድረስ መስታወቱ አጠገብ ያለው ግራሶ ይሞቃል። የሚንሸራተተው ደግሞ በትክክል እሱ ነው። ስለዚህ ቋሚው፣ ክብደቱም፣ ግራሶውን የሚቀበለው ክዳንም አብረው ያድራሉ። ክብደቱን የያዘው ሽቦ ላይ ክር አስሬ ክሩን በክዳኑ ጠርዝ አወጣሁት። ክሩን ስስብ ክብደቱ ያርፋል፤ ሰዓት እይዛለሁ።

ቀን 6

ዛሬ የለካሁት የግራሶውን የራሱን ሙቀት ነው። ቀጭን የቴርሞሜትር ሽቦ ሌላ ሲሪንጅ ውስጥ ግራሶው መሐል ላይ ቀበርኩ። ሲሪንጁ ከገባ ከ20 ደቂቃ በኋላ የፍሪዘሩ አየር ከዜሮ በታች 24 ይላል፤ የግራሶው መሐል ገና ከዜሮ በታች 9 ነው። እኩል እስኪሆኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ።

እኩል ከሆኑ በኋላም ነገሩ አላለቀም። ሀን ሁለት ሰዓት አቀዝቅዤ ስሞክረው በአንድ ደቂቃ 0.7 ግራም ወጣ። ሌሊቱን አሳድሬ በማግሥቱ ስሞክረው 0.4 ግራም። ሙቀቱ አንድ ነው፣ የቆየበት ጊዜ ብቻ ይለያያል።

ይህ ለእኔ የዚህ ሳምንት ትልቁ ግኝት ነው። በማዕድን ዘይት ውስጥ ሰም አለ። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ቀስ እያለ ክሪስታል ይሠራል፣ ክሪስታሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የሳሙናው ክሮችም ሳይነኩ ሲቆዩ መልሰው ይተሳሰራሉ። ማጓጓዣው ሲሠራ ውሎ የማይዘው፣ ሁለት ቀን ቆሞ የሚይዘው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሲሠራ ኩሽኔታው ትንሽ ሙቀት ያመነጫል፣ ግራሶውም ያለማቋረጥ ይታሻል። ሲቆም ሁለቱም ይቀራሉ።

ከዚህ በኋላ ሁሉንም አሳድሬ ነው የምለካው።

ቀን 7 እስከ ቀን 10

አራት ሙቀት፣ ሦስት ግራሶ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። የምጽፈው የሦስቱን አማካይ ነው።

በ22 ዲግሪ ሲሪንጁን ባዶ እስኪያደርጉ ሀ 38 ሰከንድ፣ ለ 31 ሰከንድ፣ ሐ 9 ሰከንድ ፈጀባቸው። እስከዚህ ድረስ ባልደረባዬ ትክክል ነው። ሐ ከሁሉም ይቀድማል።

በዜሮ ዲግሪ፣ በአንድ ደቂቃ፣ ሀ 13 ግራም፣ ለ 16፣ ሐ 15። ሐ የነበረው ብልጫ ጠፋ።

ከዜሮ በታች 10 ላይ ሀ 6፣ ለ 12፣ ሐ 5። ሐ አሁን መጨረሻ ሆነ።

ከዜሮ በታች 24 ላይ ሀ 0.4፣ ለ 8፣ ሐ 0.1።

የመጨረሻውን መስመር ስጽፍ ክዳኑን ከፍቼ ደግሜ አየሁ። በክፍል ሙቀት እንደ ማር ሲፈስ የነበረው ሐ ከሲሪንጁ አፍ ላይ የክብሪት እንጨት ጫፍ ታህል ብቅ ብሎ ቀርቷል። በፒንሳ ስነካው አልታጠፈም፤ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስብርባሪው ጣቴ ላይ ሲሞቅ እንደገና ዘይት ሆነና ተንጣለለ።

ምክንያቱ ግራሶ ከምን እንደተሠራ ካሰብነው ግልጽ ነው። ከክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ዘይት ነው። ሳሙናው ዘይቱን አስሮ የሚይዝ መረብ ነው፤ የቁጥሩን 2 ወይም 00 መሆን በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው። በሞቀ ክፍል ውስጥ እጃችን የሚሰማው መረቡን ነው። ሲበርድ ግን መረቡ ያን ያህል አይለወጥም፤ የሚለወጠው ዘይቱ ነው። ከባድ የማዕድን ዘይት ላይ ትንሽ ሳሙና ብናደርግ በ25 ዲግሪ ለስላሳ ይሆናል። በከባድ ቅዝቃዜ ግን ዘይቱ ራሱ ይጠጥራል፣ ሳሙናው ማነሱ አያድነውም። ፒ ኤ ኦ ደግሞ ሰም የለውም። ለዚህ ነው ለ ከዜሮ በታች 24 ላይ አሁንም የሚሄደው።

ከእነዚህ ውጤቶች ውስጥ አንዱ መጀመሪያ ላይ አሳስቶኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን ለ በድንገት 0.0 ግራም ሰጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ሙከራ 8 ነበር። ሲሪንጁን ሳየው አፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለ፤ በረዶ ነው። ለመሙላት አውጥቼ ስመልሰው የወርክሾፑ እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ሠርቶ አፉ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ደፈነው። አሁን ሲሪንጁ ሙሉ በሙሉ ሞቆ፣ ተጠርጎ፣ ደርቆ ነው የሚሞላው። አፉንም ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ እስከሚለካ ድረስ በትንሽ ፕላስቲክ እሸፍነዋለሁ።

ቀን 12

ሲሪንጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፦ ግራሶው ሲገፋ ይሄዳል ወይ? ይህ ግራሶ በቧንቧ ለሚታደልበት ማሽን ዋናው ጥያቄ ነው። የእኔ ሮለር ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ኩሽኔታው እንዲነሳ ስንት ቶርክ፣ ማለትም የማዞሪያ ኃይል፣ ይፈልጋል?

ለዚህም የታወቀ መለኪያ አለ፤ «ኤ ኤስ ቲ ኤም ዲ 1478»። የተሞላ ኩሽኔታ ይቀዘቅዛል፣ በደቂቃ አንድ ዙር ይዞራል፣ መጀመሪያ ሲነሳ የጠየቀው ቶርክና ለአንድ ሰዓት ከዞረ በኋላ የሚጠይቀው ይመዘገባሉ።

እኔ መጠኑ 6204 የሚባል አንድ ኩሽኔታ ወሰድኩ። ሽፋኖቹን አወለቅኩ፣ በላምባ አጠብኩት፣ አደረቅኩት። የውስጡ ቀለበት ሞርሳ ላይ በተያዘ ብሎን ታስሯል። የውጩ ቀለበት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለው የእንጨት ጎማ ገጠምኩ። ጎማው ላይ ክር ይጠመጠማል፤ ክሩ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል። በየደቂቃው 50 ግራም እጨምራለሁ። 100 ግራም ወደ 29 ሚሊ ኒውተን ሜትር ይሆናል። ጎማው ንቅንቅ ያለበትን ክብደት እጽፋለሁ።

ሞርሳውም ፍሪዘሩ ውስጥ ነው። ለማስገባት ሁለት ሰው ነበርን።

ቀን 13

ሀ በ22 ዲግሪ በመጀመሪያው 50 ግራም አልተነሳም፣ በ100 ተነሳ። ከዜሮ በታች 24 ላይ 1200 ግራም ድረስ ሄድኩ። ይህ 350 ሚሊ ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ለ ከዜሮ በታች 24 ላይ በ250 ግራም ተነሳ፤ 74 ሚሊ ኒውተን ሜትር።

ልዩነቱን በጆሮም ይሰሙታል። ሀ ሲነሳ መጀመሪያ ጭብጥ ያለ «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ ጎማው ሩብ ዙር ዘሎ ይቆማል፣ ከዚያ ነው እየተጎተተ የሚወርደው። ለ ያለ ድምፅ፣ በዝግታ፣ መሄድ ይጀምራል። የሞተሩን ጠዋት ጠዋት ማጓራት የሰማ ሰው ያን «ጠቅ» ያውቀዋል። በአንድ ጊዜ አርባ ሮለር፣ እያንዳንዱ ሁለት ኩሽኔታ ያለው፣ «ጠቅ» እንዲል ነበር ሞተሩን የምንጠይቀው።

ሐን በኩሽኔታ አልሞከርኩትም። ኩሽኔታ ውስጥ የማይቆም ግራሶ ነው፤ ሲሪንጁም የሚበቃ መልስ ሰጥቶኛል።

ቀን 14

ሁለት ተጨማሪ ነገር ሞከርኩ፣ ሁለቱም በሀ ላይ።

አንደኛው ማሸት። ትናንት ኩሽኔታውን ሞልቼ ሳላዞር ነው ያስገባሁት። ዛሬ ሞልቼ፣ በሞቀው ክፍል ለአንድ ደቂቃ በእጄ አዙሬ፣ ከዚያ አሳደርኩት። 1200 የነበረው 750 ግራም ሆነ። ሲዞር ኳሶቹ ግራሶውን ወደ ጎን ገፍተው ለራሳቸው መንገድ ይከፍታሉ። ስለዚህ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ሁሉንም እኩል ማዞር አለበት። የእኔ የትናንት ውድድር ሁለቱም ሳይዞሩ ስለነበር ፍትሐዊ ነው።

ሁለተኛው መጠን። ኩሽኔታውን እስከ አፉ ሳይሆን ክፍት ቦታውን ሲሶ ብቻ ሞላሁት፣ እንደዚያው አዞርኩት፣ አሳደርኩት። 450 ግራም!

ይህን ካየሁ በኋላ ከማጓጓዣው ሦስት ሮለሮች ፈትቼ ሽፋናቸውን ከፈትኩ። ሦስቱም እስከ አፋቸው ጢም ብለው ተሞልተዋል። በየጥገናው ግራሶ ተጨምሯል፤ ያወጣ የለም። ግራሶ መጨመር ጥንቃቄ ይመስላል። በዝግታ በሚዞርና በሚቀዘቅዝ ኩሽኔታ ላይ ግን ትርፉ ሁሉ ኳሶቹ በየጠዋቱ ማረስ ያለባቸው ጭቃ ነው።

ቀን 16

ለ ምን ያህል ድረስ ይሄዳል የሚለውን ማወቅ ፈለግኩ። ክፍሉ አንዳንዴ ከተቀመጠለት በታች ይወርዳል። ፍሪዘሬ ከዜሮ በታች 24 ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ደረቅ በረዶ ተጠቀምኩ። ደረቅ በረዶ የራሱ ሙቀት ከዜሮ በታች 78 አካባቢ ነው። ሲተን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይሆናል፣ አየር ይተካል። መስኮት ተከፍቶ፣ ወፍራም ጓንት ተደርጎ፣ ሣጥኑም ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ኖሮት ነው የሚሠራው። ጥርቅም ያለ ዕቃ ውስጥ ከተዘጋበት ዕቃው ይፈነዳል።

በሙቀት መከላከያ ሣጥን ውስጥ ደረቅ በረዶውን ከላይ፣ ሲሪንጁን ከታች አድርጌ ከዜሮ በታች 36 ላይ አቆየሁት። ማቆየቱ አድካሚ ነበር፤ በየሩብ ሰዓቱ ክዳኑን እያስተካከልኩ ነው። ለ በአንድ ደቂቃ 3 ግራም ሰጠ። ይህ ሀ ከዜሮ በታች 24 ላይ ከሰጠው ሰባት እጥፍ ነው። ይበቃኛል።

ቀን 17

ባልደረባዬ አንድ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። የለ ዘይት ዝልግልግነት 100 ነው፣ የሀ 220። ኩሽኔታው ቅባት አያንሰውም ወይ?

220 እና 100 የሚባሉት በ40 ዲግሪ ነው። የእኛ ኩሽኔታ 40 ዲግሪን አያየውም። ከዜሮ በታች 25 ላይ የለ ዘይት ራሱ በ40 ዲግሪ ከነበረው ብዙ አሥር እጥፍ ወፍሯል። ብረት ከብረት የሚለይ ሽፋን ለመሥራት ከበቂ በላይ ነው። ይኸው ማጓጓዣ ሞቃት ቦታ፣ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ቢሠራ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብን ድብልቅ ነው። ሀ እና ለ ሁለቱም የሊቲየም ቤተሰብ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። የተለያየ ማወፈሪያ ያላቸው ግራሶዎች ግን፣ ለምሳሌ ሊቲየምና የሸክላ አፈር ግራሶ፣ ሲደባለቁ አንዳንዴ ቀልጠው ይፈሳሉ፣ አንዳንዴም ይጠጥራሉ። እኛ ግን ቢስማሙም ሀን ሮለሮቹ ውስጥ አንተወውም። ሀ ውስጥ ከቀረ ሰሙም ውስጥ ይቀራል። ሁሉም ሮለር ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል።

ቀን 18 እስከ ቀን 21

ሰማንያ ኩሽኔታ። ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ሲሶ መሙላት፣ ለአንድ ደቂቃ ማዞር፣ መግጠም። በኩሽኔታ 3 ግራም ያህል ገባ፤ መጀመሪያ አሥሩን በሚዛን፣ ከዚያ በዓይን። ስድስቱ ቀለበታቸው ላይ ጭረት ስለነበራቸው በአዲስ ተተኩ።

ቀን 24

ማጓጓዣው ሁለት ቀን ሙሉ ቆሞ ነበር። ክፍሉ ከዜሮ በታች 26። ማብሪያውን ከመጫኔ በፊት አንዱን ሮለር በእጄ ሞከርኩ። በአንድ እጅ ዞረ። ሽር አላለም፤ ከብዶ፣ ግን ሳይቆራረጥ ዞረ።

ጫንኩት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ኦቨርሎዱ አልቆረጠም።

አንድ ድምፅ ግን አሁንም አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ከማርሽ ሳጥኑ በኩል የሚያቃስት ነገር ይሰማል፣ ከዚያ ይጠፋል። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ። ውስጡ ያለው ግራሶ ሐ ነው። ዛሬ ማታ ለማርሽ ሳጥን የሚሆን በፒ ኤ ኦ የተሠራ 00 ግራሶ በመስታወቱ ሲሪንጅ ሞልቼ፣ አፉን ሸፍኜ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼዋለሁ።